የቲማቲም ችግኝ ውሃ ጠግቦም ይሞታል

ቲማቲም ከዘር ለማብቀል ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። የዘሩ ማሸጊያ ላይ «አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን» የሚል ከተጻፈ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የመጀመሪያ ችግኞቼ አያልቁም ነበር።

መዝራቱ ምንም አይከብድም። ከስሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃና ለስላሳ አፈር ይበቃል። ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ሙቀቱ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። እስኪበቅል ድረስ አፈሩ መድረቅ የለበትም፤ እስከዚህ ማሸጊያው ልክ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከበቀለ በኋላ ነው። ማታ ቀጥ ብለው የቆሙ ችግኞች ጠዋት ሳያቸው ከዳር በኩል ተጋድመዋል። የገረመኝ ቅጠላቸው ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ አልጠወለገም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ፣ እንደ ክር ቀጥኗል። ከዚያ በላይ ያለው ጤነኛ ነው።

ፎቶ አንስቼ ዘሩን ወደሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። በቅጡ እንኳ ሳያየው «ውሃ አንሷቸው ነው፣ ማዳበሪያም ጨምርላቸው» አለኝ። ማዳበሪያውንም ሸጠልኝ። እንዳለኝ አደረግኩ፤ የቀሩትም ተከታትለው ወደቁ። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዘር የሚሸጥ ሰው እንዴት በጣም የተለመደውን የችግኝ በሽታ አያውቅም?

በሽታውን የሚያመጡት እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታና ሻጋታ መሰል ነገሮች ናቸው። የሚመቻቸው ውሃ የበዛበት፣ ቀዝቀዝ ያለና አየር የማይንቀሳቀስበት ቦታ ነው። አንዴ የወደቀ ችግኝ አይድንም። ማዳበሪያ ደግሞ ለጋውን ግንድ ይበልጥ ያለሰልሰዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ያለው አማራጭ አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

አሁን ቡቃያው ብቅ እንዳለ ላዩን የሸፈንኩበትን ፕላስቲክ ወዲያው አነሳለሁ። ከላይ ውሃ ማፍሰስ ትቻለሁ። ዕቃውን ውሃ የያዘ ትሪ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አፈሩ ውሃውን ከስር ይመጥጣል፤ ላዩ ወዛ ሲል አወጣዋለሁ። ከዚያ የአፈሩ ገጽ ደርቆ ቀለሙ እስኪነጣ ድረስ አልነካውም። መጀመሪያ ላይ ውሃ ለማጠጣት እጅ ያሳክካል፣ ግን ቻሉት። ትንሽ ማራገቢያ በስሱ ይነፍስባቸዋል። አጠጋግቼ አልዘራም። የጓሮ አፈር ለችግኝ አልጠቀምም፤ አሮጌ ዕቃ ከሆነም በ9 እጅ ውሃ 1 እጅ በረኪና በጥብጬ አጥበዋለሁ። ማዳበሪያ የሚያዩት ከሁለቱ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ እውነተኛው ቅጠል ሲወጣ ነው፤ እሱም ቀጠን ተደርጎ።

ብርሃንም አትንፈጓቸው። በአምፖል የምታሳድጉ ከሆነ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራላቸው፤ ካነሳቸው ቀጫጫ ሆነው ይረዝማሉ።

ወደ ጓሮ ከማዛወራችሁ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ፀሐይና ነፋስ ቀስ በቀስ አለማምዷቸው። «በነበረበት ጥልቀት ትከሉ» የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። ለሌላው ተክል ይሁን፣ ለቲማቲም ግን አይሆንም። የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሱና ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። የእኔዎቹ በዚህ መንገድ ከተተከሉ ወዲህ ግንዳቸው እንደ አውራ ጣት ወፍሯል፣ ነፋስም አይጥላቸውም። ያ ሻጭ መጥቶ ቢያያቸው ደስ ይለኝ ነበር።