«ዝምተኛ ናት» የሚለው ወረቀት

አልፋ ኦሜጋ አልፋ ገባሁ ብዬ ስደውልላት እናቴ «ተመስገን! የጸሎት ማኅበር ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። አልፋና ኦሜጋ ሲባል ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ምን ይታሰባታል? የሕክምና ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ደመወዝ አለው?» የለውም፤ እንዲያውም መዋጮ አለው። «ታዲያ ክብሩ ምኑ ላይ ነው?»

እዚህ አሜሪካ ሕክምና የሚማሩ የእኛ ልጆችም ብዙዎቹ ይህን የሚጠይቁት ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ማኅበሩ የቆየ ነው። በ1902 ቺካጎ ውስጥ ዊልያም ሩት የሚባል የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመው። የዚያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ስሙ የሚነሳው በረብሻና በስድነት ስለነበር ሩት በዚያ ተናዶ ነው ይባላል። ሦስቱ ፊደላት የተወሰዱት «የሚሠቃዩትን ለማገልገል የተገባህ ሁን» ከሚል የግሪክኛ መፈክር ነው። የመጀመሪያው ቃል አክሲዮስ ነው፤ እኛ ጋ ጳጳስ ሲሾም ሕዝቡ «ይደልዎ» የሚለው ማለት ነው። ለእናቴ ነገሩ የተዋጠላት ይህን ስነግራት ነው።

ጥቅሙ በአብዛኛው የሚታየው ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ላለው የሙያ ሥልጠና፣ ሲያመለክቱ ነው፤ በተለይ ፉክክሩ የጠነከረባቸው ሙያዎች ላይ። በ2022 ስቴፕ ዋን የሚባለው የሐኪምነት ፈቃድ የመጀመሪያ ፈተና ነጥቡ ቀርቶ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከሰው የሚለይባቸው ነገሮች አነሱ። ስለዚህ የቀሩት ከበዱ።

ድሮ ሕጉ ግልጽ ነበር። በውጤት ከክፍሉ የላይኛው ሩብ ውስጥ ያለ ለምርጫ ይቀርባል፤ የሚመረጠው ግን ከጠቅላላው ክፍል እስከ አንድ ስድስተኛ ነው። 150 ተማሪ ካለ 25 ሰው መሆኑ ነው። አሁን የሩቡ ነገር ላላ ብሏል፤ ትምህርት ቤቶች ሌላም ሌላም ያያሉ። ጥቂቱ የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው፤ የቀረው አራተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ። እኛ ጋ አጫጭር ድርሰቶች ይጻፋሉ፤ ኮሚቴ ተቀምጦ ውጤትን፣ ምርምርን፣ አገልግሎትን፣ ደግሞ ሐኪሞች ስለ ተማሪው የጻፉትን ያያል።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነው የናቅኳት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ከክፍል ወጥተን ሆስፒታል ገባን። ተራ በተራ ከምንዞርባቸው ክፍሎች የመጀመሪያዬ ኢንተርናል ሜዲስን፣ የውስጥ ደዌ ክፍል፣ ነበር። አንዲት አሮጊት በደማቸው ያለው ሶዲየም ከልክ በታች 121 ወርዶ ተኝተዋል። ታያዛይድ የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ሁለት ሳምንታቸው ነው። በሽተኛዋ የእኔ ናቸው፤ የምከታተላቸው እኔ ነኝ። ራውንድ ላይ፣ ቡድኑ በሽተኞቹን እየዞረ ሲያይ፣ አቴንዲንጉ (ዋናው ሐኪም) «ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?» አለ። አውቄዋለሁ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያነበብኩት እሱን ነው። ግን ኢንተርኗ፣ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቷ፣ አጠገቤ ቆማለች። እሷ ሳትመልስ እኔ ልቅደም? ትንሽ ጠበቅኩ። ከኋላዬ የቆመው የክፍሌ ልጅ «ታያዛይዱ ይሆናል» አለ። ጎበዝ ተባለ።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሆስፒታል ውስጥ ይነቅዛል።

ምዘናዬ ሲመጣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዝምተኛ ናት። ከበሽተኞች ጋር ደግ ናት። ንባቧን ብታጠናክር ጥሩ ነው። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሲጠራቀሙ ከኦነርስ፣ ከከፍተኛው ውጤት፣ ቀጥሎ ወዳለው ወደ ሃይ ፓስ ያወርዳሉ። የሦስተኛ ዓመቱ ምርጫ ሲወጣ ስሜ የለም። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከአልጋዬ አልወረድኩም። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ አትሜ ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። «ዝምተኛ» የምትለዋ ቃል አራት ቦታ አለች። አራት የተለያዩ ሰዎች!

ከዚያ በኋላ የለወጥኩት ብዙ አይደለም። ድሮ ሬዚደንቱን «እንዴት ነኝ?» እለው ነበር፤ መልሱ ሁሌ «አሪፍ ነሽ» ነው። አሁን ግን ሳምንቱ አጋማሽ ላይ «ነገ ራውንድ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል ብል የቱን ላስተካክል?» ማለት ጀመርኩ። ይህ ጥያቄ መልስ ያስገድዳል። በሽተኛ ሳቀርብም ቁጥር ደርድሬ ዝም ከማለት «እኔ ይሄ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም» ብዬ መጨረስ ለመድኩ። አንዴ ሳንባ ላይ የረጋ ደም ነው ብዬ ድርቅ አልኩ፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የዚያ ሳምንት ምዘናዬ ግን እስከዚያ ካገኘሁት ሁሉ የተሻለው ነበር። ተሳስቼ ነው ያመሰገኑኝ፣ ገረመኝ።

በጣም የከበደኝ ሌላ ነው። አራተኛ ዓመት ስጀምር፣ የፍልሰታ ጾም ላይ፣ አንዲት የአገራችን እናት ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ ገቡ። በስልክ አስተርጓሚ «መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ተባሉ። «አዎ» አሉ። ተጻፈ፣ ታለፈ። ቆይቼ ተመለስኩና «እማማ፣ በጾሙስ?» አልኳቸው። «እሱማ ከቅዳሴ በኋላ ነው እንጂ ልጄ። ውሃ ሳልቀምስ ምኑን እውጠዋለሁ? አንዳንዴማ ሲመሽ ይረሳኛል።» ጠዋት የሚወሰደው የውሃ ክኒን ለካ አብዛኛውን ቀን አልተዋጠም። ለቡድኑ ነገርኩ። የመውሰጃው ሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተደረገላቸው።

ሬዚደንቱ ኮሪደር ላይ «በጣም ጥሩ ሥራ» አለኝ። የኮሪደር ምስጋና ኮሚቴ ጋ አይደርስም። ማታ ኢሜይል ከፈትኩ፤ «ከተመቸህ ይህን ምዘናዬ ላይ ብታሰፍርልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ። እኛ ቤት ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ፊቴ ግሎ ነው የላክሁት። እሱ ግን እንደ አሥር ደቂቃ ሥራ ነው የቆጠረው። «እንኳን ነገርሽኝ፣ እረሳው ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ድርሰቴንም የጻፍኩት በእኚያ እናት ላይ ነው። በሁለተኛው ዙር ተመረጥኩ።

ከሠራሽ ታገኛለሽ፣ በቃ፣ የሚለኝን ሰው ግን አላምነውም። በ2017 የወጣ ጥናት የፈተና ነጥብና ሌላው ሌላው ታስቦም ቢሆን የነጭ ተማሪዎች አባል የመሆን ዕድል ከጥቁር ተማሪዎች ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በዓመቱ ኒውዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ አይካን የሕክምና ትምህርት ቤት ለማኅበሩ ተማሪ መምረጡን አቆመ። ልክ ነው ያደረገው ባይ ነኝ፤ የገባሁበት ሆኜ ይህን ማለቴ ትንሽ ያስቃል።

በነገራችን ላይ ጎልድ ሂውማኒዝም የሚባል ሌላ የክብር ማኅበርም አለ፤ በ2002 የተጀመረ። እዚያ የሚጠቁሙሽ በዋናነት የክፍል ጓደኞችሽ ናቸው፤ ማን ቢያክምሽ ደስ ይልሻል ዓይነት ጥያቄ እየመለሱ። እኔን አልጠቆሙኝም። ያ ሶዲየሙን የቀደመኝ ልጅ ግን ገባ። ይገባዋል፤ እኔም ለእሱ ነው ድምፅ የሰጠሁት።

የማኅበሩ ምልክት ቁልፍ ነው፤ ቅርጹ የደረት አጥንት የላይኛውን ክፍል የመሰለ። እናቴ አገላብጣ አየችውና ነጠላዋ ላይ ሰካችው። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሦስተኛ ዓመት የገባች ልጅ የመጀመሪያ ምዘናዋን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ትሑትና ጸጥተኛ ናት» ይላል። ከሥሩ «ጥሩ ነው አይደል እህቴ?» ብላ ጽፋለች። መልስ መጻፉን ትቼ ደወልኩላት።