ኢንሰርሽን ሶርት ያሸነፈበት ሌሊት

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። የሶርቲንግ አልጎሪዝሞችን፣ ማለትም ዝርዝር የሚደረድሩ ዘዴዎችን፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈን ፍጥነታቸውን እንድናወዳድር አሳይመንት ተሰጠን። እኔ አራት መረጥኩ፦ በብል፣ ኢንሰርሽን፣ መርጅ እና ኩዊክ። ውጤቱን ቀድሜ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ኩዊክ አንደኛ፣ መርጅ ሁለተኛ፣ በብል ጭራ። ምን ልዋሽ፣ የሪፖርቱን ግማሽ የጻፍኩት ከኮዱ በፊት ነው።

በብል ሶርት የትምህርት ቤት ሰልፍ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ ይቆማል። ተከታትለው የቆሙ ሁለት ልጆች ይለካካሉ፤ የፊተኛው ከረዘመ ቦታ ይቀያየራሉ። አንድ ዙር ሲያልቅ ከሁሉም ረጅሙ ልጅ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ከዚያ እሱን ትቶ እንደገና ከፊት ይጀመራል። በዚህ አካሄድ 10,000 ልጅ ለማሰለፍ 49,995,000 ጊዜ መለካካት ያስፈልጋል። ትምህርት ሳይጀመር ይመሻል።

ኢንሰርሽን ሶርት ደግሞ ካርታ ተጫዋች ነው። አዲስ ካርታ ባነሳ ቁጥር እጁ ላይ ካሉት መሃል ቦታውን ፈልጎ ይሰካዋል። መርጅ ሶርት ዝርዝሩን ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ይወርድና የተደረደሩትን ግማሾች እያዋሃደ ይመለሳል። ኩዊክ ሶርት፣ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው፣ አንዱን ቁጥር ፒቮት ብሎ ይይዛል። ከእሱ ያነሱትን ወደ ግራ፣ የበለጡትን ወደ ቀኝ ይልክና በየጎኑ ያንኑ ይደግማል። እኔ ፒቮት ያደረግኩት ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ነበር። ቀላል ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

10,000 የተዘበራረቁ ቁጥሮች አዘጋጅቼ አራቱንም በተራ አስነሳኋቸው። በብል ጥቂት ሰከንድ ተንፏቀቀ። ኢንሰርሽን ዓይኔን ሳልጨፍን ጨረሰ። መርጅ ከእሱ ዘገየ። ኩዊክ ጭራሽ ፈነዳ፤ ሪከርዥኑ (ኮዱ ራሱን መልሶ መጥራቱ) ከሚፈቀደው ጥልቀት አለፈ የሚል ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው።

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኩዊክ ሶርትን ስፈታ ስገጥም አመሸሁ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። በትናንሽ ዝርዝሮች ላይ ሲሞከር እንደ ሰዓት ይሠራል። የዶርም ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «አንተ፣ ተኛ እንጂ!» አለኝ። ቆይቶ ግን ወርዶ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ለኩዊክ የምትሰጠውን ዝርዝር እስኪ ፕሪንት አድርገው» አለኝ።

ፕሪንት አደረግኩት። ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ተደርድሮ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በብል ሶርት ዝርዝሩን እዚያው ባለበት ነው የሚደረድረው። እኔ ደግሞ ለአራቱም የሰጠሁት ያንኑ አንድ ዝርዝር ነው። በብል ለፍቶ ሠራው፤ የቀሩት ያለቀ ሥራ ተረከቡ። ኢንሰርሽን ሶርት በተደረደረ ዝርዝር ላይ 9,999 ጊዜ ብቻ አወዳድሮ ይወጣል። ኩዊክ ሶርት ግን በመጀመሪያው ቁጥር ፒቮት ሲሠራ በግራ የሚያስቀምጠው የለም፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ዙር አንድ ደረጃ እየወረደ ወደ 10,000 ይሄዳል። ፓይተን ደግሞ ካልነካኩት በስተቀር 1,000 ላይ ያቆመዋል። ገደቡን ከፍ አድርጌ ንጽጽሩን ቆጠርኩት፦ 49,995,000። ቁርጥ በብል!

ለእያንዳንዱ የየራሱን ኮፒ ስሰጠው ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በተዘበራረቀው ላይ ኢንሰርሽን 25 ሚሊዮን ገደማ፣ ኩዊክ ወደ 155,000፣ መርጅ ወደ 120,000 ንጽጽር። ሰዓት መለካቱን ትቼ ንጽጽር ወደ መቁጠር የዞርኩትም ያኔ ነው። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ያው ኮድ ቀርፈፍ ብሎብኝ ነበር። ቆጠራ ግን መብራት ኖረ አልኖረ ያው ነው።

የተሳሳተውን ሙከራ ግን አልጣልኩትም። የፓይተን የራሱ ሶርት ቲምሶርት ይባላል፤ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው ነው። ይህ ሶርት መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ ቀድሞ የተደረደረ ቁራጭ ይፈልጋል። ቁራጩ ካጠረ በኢንሰርሽን ሶርት ያስረዝመዋል፤ ከዚያ እንደ መርጅ ያዋህዳል። እኔ በስህተት ያየሁትን ሰውዬው አውቆ ተጠቅሞበታል። አይገርምም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚመጣ ዝርዝር ትናንት ተደርድሮ ዛሬ አምስት ስም የተጨመረበት ነው።

ከዚያ በአማርኛ ስም ልሞክር አልኩ። 100 ስም ከ100 የአባት ስም አጣምሬ 10,000 ሙሉ ስም ሠራሁ። በመጀመሪያ በአባት ስም፣ ቀጥሎ በራስ ስም ደረደርኩ። መርጅ ሶርት እኩል የሆኑትን የቀደመ ተራ ስለማይነካካ ሰላም ሀብቴ፣ ሰላም መኮንን፣ ሰላም ታደሰ በሥርዓት ተከታትለው ወጡ። በኩዊክ ሶርት ስሞክረው ሰላሞቹ ሁሉ ተተረማመሱ።

ይበልጥ ያስቸገረኝ ፊደሉ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚደረድረው ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው የዩኒኮድ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል የሀሁን ተራ ይከተላል። ሠላም ከረድኤት በፊት፣ ሰላም ከረድኤት በኋላ ይመጣል። ሃይሉ ዝርዝሩ አናት ላይ፣ ኃይሉ ከተስፋዬ በታች ነው። ስሙን የሚፈልግ ሰው የት ይፈልግ? ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሃንና ኃን ወደ ሀ የሚቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። መጀመሪያ በየንጽጽሩ እየጠራሁት መርጅ ሶርት ላይ ወደ 240,000 ጊዜ ሠራ። ለእያንዳንዱ ስም አንዴ አስልቼ ሳስቀምጠው 10,000 ጊዜ በቃው። መርጅ ወይስ ኩዊክ ብሎ ከማማረጥ ይልቅ ይህቺ አንዲት ለውጥ ሰዓቱን የበለጠ ቀነሰችው።

አሁን ጸጋዬ እና ፀጋዬ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ማን ይቅደም ለሚለው መልስ ስላጣሁ፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ይቅደም ብዬ ተውኩት።