የድሬ ሙቀትና የዛሬው ምሳ

ሰኔ ሲገባ ድሬዳዋ እሳት ናት። ዛሬም 35 ዲግሪ አልፏል። የመጋዘናችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ገና በአምስት ሰዓት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ቬንትሌተሩም የሚያመጣው ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

ትናንት ምሳ ላይ የሚንተከተክ ተጋቢኖ በልቼ ከሰዓቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲጥለኝ ዋለ። ዛሬ ግን እማዬ ሱፍ ፍትፍት ቋጠረችልኝ። ሱፉን ማታ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ አሳድራዋለች። ክዳኑን ስከፍተው ወተት የመሰለው ሱፍ እንጀራው ውስጥ ሰርጓል፤ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ጣል ጣል ብሎበታል።

ጠዋቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያወርድ ከዋለ ልጅ ጋር ኒም ዛፍ ስር ቁጭ ብለን በላን። «አንጀቴ ራሰ» አለኝ። እንዲህ ለሚለፋ ሰው ቀዝቃዛ ውሃና ጥላ ማዘጋጀት የአሠሪው ግዴታ መሆን አለበት።

ለነገ የሁለት ሰው እንድትቋጥርልኝ ነግሬያታለሁ።