ደንባራ ጫጩቶችን እንዴት እንዳላመድኩ

የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ግቢው ያስገባ ሰው ያውቀዋል። በሩ ሲከፈት ሁሉም ግር ብለው ጥግ ላይ ይከመራሉ። ሳሶ ከሚባለው የዶሮ ዝርያ የሆኑት የኔዎቹም እንደዚያው ነበሩ። አይፈረድባቸውም። አሳዳጊው ጋ ሳሉ የሰው እጅ የሚነካቸው ሲከተቡ ወይም ሲጫኑ ነው።

ሲደራረቡ ደግሞ የታችኞቹ ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቤቱን ማዕዘኖች በካርቶን አክብቤ ዘጋኋቸው። ጥግ ከሌለ የሚከመሩበት የለም።

ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ከላይ የመጣባቸው ሁሉ ጭልፊት ነው የሚመስላቸው፤ ቁጭ በይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በርጩማ ይዤ ገባሁ፤ ጠዋት፣ መኖ ሳይቀርብላቸው፣ ርቧቸው እያለ። ማሳደድ የለም። ትኩር ብሎ ማየትም የለም፤ ስልኬን እየነካካሁ ዝም።

ዋናውን ሥራ የሠራልኝ ጣቴ ነው። እናት ዶሮ ምግብ ስታገኝ መሬቱን ቶሎ ቶሎ እየጠቆመች ነው ጫጩቶቿን የምትጠራው። እኔም የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሬ ሳህን ላይ አደረግኩና በጠቋሚ ጣቴ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ደፋር መጣችና ቁራሽ ነጥቃ ሮጠች። የቀሩት ሊቀሟት ተከተሏት። ዶሮ መቼም ቅናተኛ ናት፣ አንዷ ስትበላ ሌላዋ ቆማ አታይም። ከዚያ ሳህኑን ቀስ በቀስ ወደ እግሬ አስጠጋሁ፤ በኋላም ምግቡን መዳፌ ላይ አደረግኩት። አሁንም ከመግባቴ በፊት በሩን በጣቴ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ። ዘው ማለት የለፉበትን ሁሉ ያበላሻል።

አያያዙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። መዳፌን ከጎን በደረቷ ሥር አስገባለሁ፣ እግሮቿን በጣቶቼ መሃል አደርጋለሁ፣ በሌላው እጄ ክንፎቿን ገጠም። ደረቷን ግን መጭመቅ አይቻልም። ዶሮ እንደኛ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷ እየተንቀሳቀሰ ነው። አጥብቆ የያዛት ሰው ትንፋሽ ይከለክላታል። ልጆች ሲይዙ አጠገባቸው የምሆነው ለዚህ ነው። እየተፈራገጠች እያለች አልለቃትም፤ መፈራገጥ እንደሚያስለቅቅ ከለመደች አለቀ። ረገብ ስትል ዝቅ ብዬ መሬት ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ወዲያው ጥቂት ፍርፋሪ። ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፈው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ የዋዛ አይደለም።

ሁሉም ይለምዳሉ ማለት ግን አይደለም። አንዷ ቀይ ቄብ እስካሁን እጅ ላይ አትመጣም። እግሯን ወይም ላባዋን ለማየት ስፈልግ እስኪመሽ እጠብቃለሁ። ዶሮ በጨለማ እምብዛም ስለማታይ ቆጥ ላይ እንዳለች እንደ ዕቃ ነው የማነሳት። ጠዋት ደግሞ እንደማንተዋወቅ ሆና ትሸሸኛለች።