ታሚልን በአንድ ፊልም መማር፣ ስድስተኛ ሳምንት፦ "ካልያና ፓሪሱ"ን ጨረስኩት

እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው አንድ የታሚል (የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው) ፊልም መርጬ እሱኑ እየደጋገምኩ ቋንቋውን እለማመዳለሁ ብያችሁ ነበር አይደል፣ ይኸው ትላንት ማታ አለቀ። የመረጥኩት በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣውን ካልያና ፓሪሱ ነው፣ የሰርግ ስጦታ ማለት ነው፣ የስሪዳር የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ስራው፣ ጥቁርና ነጭ። ሶስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በቀን አስር ደቂቃ ብቻ ነው የማየው፣ መጀመሪያ ያለ ሰብታይትል፣ ከዛ በሰብታይትል፣ ከዛ የያዝኳትን ቃል በኛ ፊደል እጽፍና ከስሯ በታሚል እደግማታለሁ።

ፊደሉ እኛን ብዙ አያስፈራም፣ አናባቢው ልክ እንደ ሀሁ ተነባቢው ላይ ነው የሚቀጠለው፣ ሁሉም ሲደመር 247 ነው። የከበደኝ ፓ እና ባ በአንድ ፊደል መጻፋቸው ነው፣ ታ እና ዳም ካ እና ጋም እንደዛው፣ የፊልሙ ወንድ የባስካር ስም ራሱ ፓ ተብሎ በሚነበበው ፊደል ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ ቃሉን በጆሮ ሳትሰሙ ከወረቀት ብቻ አታጥኑ። ግሱ ግን እንደኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ "መጥቼ በልቼ ሄድኩ" የምንለውን "ቫንዱ ሳፒቱ ፖኔን" ይላሉ፣ ቃል በቃል ቅደም ተከተሉ ሳይነካ!

ወደ ታሪኩ ልምጣ (መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ እዚ ጋ አቁሙ)። ጊታ ታላቅ ናት፣ ልብስ እየሰፋች ነው ታናሿን ቫሳንቲን የምታስተምረው፣ ራሷ ሳታገባ። ባስካር እነሱ ቤት ተከራይቶ ይገባል፣ ከቫሳንቲ ጋር በድብቅ ይዋደዳሉ፣ ሲታመም ያስታመመችው ግን ጊታ ናትና እሷም ወደደችው። ይሄን ለእህቷ ስትነግራት ቫሳንቲ የኔ ነው አላለችም፣ ዝም ብላ ሄዳ ባስካርን እህቴን አግባልኝ ብላ ለመነችው፣ እሱም አገባት።

መጀመሪያ በሰብታይትል ብቻ ሳየው ቫሳንቲ ላይ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ሰው እንዴት የሚወደውን ሰው አንስቶ ይሰጣል ብዬ። በሁለተኛው ዙር ግን ጆሮዬ "አካ" የምትለዋን ቃል መያዝ ጀመረ። ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ ድሮ እትዬ እንደምንለው፣ ስም አይጠራም። እኔ ያየሁት ሰብታይትል አብዛኛውን ጊዜ ይዘላታል። ቫሳንቲ ግን አካ ባለች ቁጥር የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ያሳደገቻትን ሴት ነው የምትጠራው፣ ያቺን ቃል እየጠራች እምቢ ማለት የምትችል ልጅ አልታየችኝም። ንዴቴ ሄደ፣ ሀዘኑ ግን ባሰብኝ፣ ምክንያቱም ጊታ ምን እንደተከፈለላት አታውቅም፣ ልቡ ሌላ ጋ ካለ ሰው ጋር ትኖራለች፣ በኋላም የገዛ እህቷን ትጠረጥራለች። ቲያጋም ይሉታል መስዋዕትነትን፣ እኔ እንደሚመስለኝ እዚ ፊልም ላይ የጎዳው ሶስቱንም ነው።

ዘፈኖቹን ሳትሰሙ እንዳትቀሩ፣ ለቋንቋ ትምህርት ወርቅ ናቸው። ግጥሙ የፓቱኮታይ ካልያናሱንዳራም ነው፣ በዛው ዓመት በ29 ዓመቱ ነው የሞተው። የዲፓቫሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ዘፈን አለ፣ ደስ ሲላቸው ፒ ሱሺላ ትዘፍነዋለች፣ ሁሉም ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ዜማውን የሰራው ኤ ኤም ራጃ ራሱ ይመልሰዋል። የደስታው ላይ "ኣዳ" ነው፣ መጨፈር፣ የሀዘኑ ላይ "ቫዳ" ነው፣ መጠውለግ። አንዲት ድምፅ ተጨመረችና ዓለሙ ተገለበጠ። ይቺን ያለ ሰብታይትል ራሴ የያዝኩ ቀን ፓውዝ አድርጌ ብቻዬን አለቀስኩ።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ጊታ ሞታለች፣ ቫሳንቲ ሌላ ሰው እያገባች ነው፣ ባስካር ሰርጉ ጋ ልጁን ይዞ ይደርስና ልጁን ለሷ ትቶላት ብቻውን ይሄዳል። የርዕሱ ስጦታ ለካ ህፃኑ ነው።

የራጅ ካፑርን ናዝራና (1961) ያያችሁ ካላችሁ ታሪኩ ይሄው ነው፣ በሂንዲ ተሰርቶ ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ፓሳማላርን እጀምራለሁ፣ እሱም የ1961 ነው፣ ሲቫጂ ጋኔሳንና ሳቪትሪ ወንድምና እህት ሆነው፣ ስለዚ የዚ ሳምንት ቃሎቼ "አና" ታላቅ ወንድም እና "ታንጋይ" ታናሽ እህት ናቸው፣ አብሮኝ መጀመር የሚፈልግ ካለ ይምጣ።