«ደስታን መቼ አግኝቼው አጣዋለሁ?»

ዘጠኝ ጥያቄ ናቸው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞሉም። «ይቺማ የአንድ ከሰዓት ሥራ ናት» ብዬ ጀመርኩ። አራት ወር ፈጀችብኝ።

መጠይቁ ፒኤችኪው 9 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያለበትን ሰው ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ፣ ሞትን መመኘት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። ብዙ ቦታ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በባለሙያ ይታይ ይባላል። የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው ጤና ጣቢያ በሚመጡ ሰዎች ላይ ስለሆነ አማርኛው ያስፈልገኝ ነበር። እንግሊዝኛውን አወረድኩና ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት።

የመጀመሪያው ጥፋቴ እዚሁ ላይ ነው። ረቂቁን ለአማካሪዬ ሳሳየው አንዴ ገረፍ አደረገውና «ከአንተ በፊት የሞከረ የለም?» አለኝ። ፈልጌ አላየሁም ነበር። ብፈልግ ጊዜ ጉድ ነው! ተተርጉሞ፣ በሐኪም ምርመራ ተመዝኖ፣ ታትሞ ተቀምጧል። አንደኛው አዲስ አበባ፣ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ መለያ ነጥቡ 10 ይሁን ይላል። ሌላው ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ተሠርቶ በ2015 ወጣ፤ እሱ ደግሞ 5 ይሻላል ይላል።

እዚህ ጋ ቆም አልኩ። መጠይቁ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ቁጥሩ ግን በግማሽ ወረደ። ሆስፒታል የሚደርስ ሰውና ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው አንድ አይደሉም፤ ይኼ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን ሰዎቹ ጥያቄውን ሲሰሙ ምን እንደሚሰሙስ? አማካሪዬ «የነሱን መነሻ አድርግ፤ ግን በምትጠይቃቸው ሰዎች አፍ ላይ ፈትነው» አለኝ። አራቱ ወር የሄደው በዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የራሴን ረቂቅ ደንቡ እንደሚለው አስፈተንኩት። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ሌላው እንግሊዝኛውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል። ሁለቱን እንግሊዝኛ ታስተያያለህ። የእኔ ቁልጭ ብሎ ተመለሰ፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። መላሹ እንደኔው ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እንደኔው በእንግሊዝኛ እያሰበ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ያጠፋሁትን እሱ አቃንቶ መለሰልኝ። ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለተግባቡ ወረቀቱ ሌላውን ያግባባል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ ወረፋ ወደሚጠብቁ ሰዎች ሄድኩ። ዘዴው ቀላል ነው። ጥያቄውን አነባለሁ፣ ከዚያ «ምን ጠየቅኩዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» እላለሁ። መልሳቸው ሳይሆን የገባቸው ነገር ነው የሚጻፈው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ «ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት» ብዬ ነበር። አንዲት እናት ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ደስታን እኔ መቼ አግኝቼው አጣዋለሁ?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። «ማጣት» ስል አስቀድሞ እንደነበራቸው ቆጥሬ ነው። ደግሞ አማርኛው ላይ «ደስታ» ትልቅ ቃል ነው፤ ሠርግ ነው፣ ልጅ መውለድ ነው። መጠይቁ የሚፈልገው ግን ትንሿን ነገር ነው፤ ድሮ ደስ ትላቸው የነበረች፣ ዛሬ ግን እጃቸው አልሄድ ያላትን። ሰባት ጊዜ ቀያየርኩት። አሁን ያለበት «ድሮ ደስ ብሎዎት የሚሠሩት ነገር አሁን አስጠልቶዎታል? ልብዎ አልሄድ ብሎዎታል?» በሚለው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የቃሉ ጣጣ ነው። «ድብርት» አልኩ። ትልልቆቹ ይገባቸዋል፤ ወጣቶቹ ግን ፊልምም ይደብራቸዋል፣ ሰፈርም ይደብራቸዋል፣ የሰው ወሬም ይደብራቸዋል። አንዱ ልጅ «አዎ፣ በየቀኑ፤ ይኼ ወረፋ ራሱ ይደብራል» ብሎኝ 3 ነጥብ ሊያስመዘግብ ነበር። «ድባቴ» ስል ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሬዲዮ የሚሰሙት ያውቁታል፣ ሌሎቹ «የምን በሽታ ነው?» ብለው መልሰው ይጠይቁኛል። ታዲያ ሰዉ ራሱ ምን ይላል? «ሆድ ባሰኝ» ይላል። «ውስጤ ጨለመብኝ»፣ «ተስፋዬ ተሟጠጠ»፣ «ሐሳብ ገደለኝ» ይላል። ደብተሬ በዚህ ተሞላ። «ሆድ መባስ» ግን ከባድ ቃል ነው። አኩርፎም ሆድ ይብሰዋል፣ የሞተ ሰው አስታውሶም ሆድ ይብሰዋል፣ ዘፈን ሰምቶም ሆድ ይብሰዋል። ለብቻው ቢጠየቅ ጤነኛውን ሁሉ ያስገባል።

«ሐሳብ» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ያናግራል። እኛ ብቻም አይደለንም። ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እዚያ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከሰዎቹ አነጋገር ተነስተው ባለ 14 ጥያቄ መጠይቅ ሠሩ። በኋላ የሠለጠኑ አሮጊቶች ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ማማከር ሲጀምሩ፣ ለውጡ የተለካው በዚሁ መጠይቅ ነበር። በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎች የተካፈሉበት ሲሆን፣ በአሮጊቶቹ የታገዙት ከስድስት ወር በኋላ ምልክቶቻቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሰው ተገኙ። ቀናሁ። እነሱ ከሰው ቃል ወደ ወረቀት ሄዱ፤ እኔ ከወረቀት ወደ ሰው እየመጣሁ ነው።

ለዚህ ለእኔ ዓይነት አካሄድ «የመደብ ስሕተት» የሚል ስም ወጥቶለታል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን በ1977 የጻፈው ነገር ነው። አንድ ቦታ የተሠራን የበሽታ መደብ ወስደህ ሌላ ቦታ ትፈልገዋለህ። ስለፈለግከው ታገኘዋለህ። ስላገኘኸው ደግሞ «ይኸው እዚህም አለ» ትላለህ። የሰዎቹ የራሳቸው ስቃይ ግን ከመጠይቅህ ውጭ ይቀራል። ከእኔ ጋር ካወሩት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሉት «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል» ነው። ፒኤችኪው 9 ስለ ራስ ምታት አንድም ቃል አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡም አሉ። «ድባቴ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚሉት። ይኼን ድሮ የቅኝ ገዥ ሐኪሞችም ብለውታል፤ አፍሪካዊ አይደበትም ብለው ጽፈዋል። ምክንያታቸው ንቀት ነበር። እኛ በኩራት ብንደግመው ውጤቱ ያው ነው፤ የታመመው ሰው ሳይታከም ይቀራል።

ዘጠነኛውን ጥያቄ የማነሳው ደስ እያለኝ አይደለም። «ብሞት ይሻለኛል ብሎ ማሰብ ወይም ራስን መጉዳት» የሚለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሞትን በምላሱ ላይ ይዞ ይዞራል። ልጅ ሲያስቸግር «ምነው በገደለኝ» ይባላል። እንዲህ የሚሉትን ሁሉ 1 ብለህ ብትጽፍ ጤና ጣቢያው በሙሉ አደጋ ላይ ነው። እኔ በዚህ ተዘናጋሁ። አንዲት ወጣት ሴት «አዎ» አለችኝ። ድምጿ እንደሌሎቹ መሰለኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለሆነ ወረቀቱን አጠፍኩና «አመሰግናለሁ» አልኳት። ከበሩ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ። እሷ ካለፈች በኋላ ነው «አዎ» ያለችው ለሁለቱም መሆኑ ብልጭ ያለልኝ። ተከትዬ ሮጥኩ። ግቢው በር ላይ ደረስኩባት። ነርሷ አንድ ሰዓት ያህል ለብቻዋ አነጋገረቻት፣ እዚያው ቀን ወደ ሐኪም ተላከች።

ያን ለት ሥራ አቆምኩ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት መዘጋጀት የነበረበትን ነገር አራተኛው ሳምንት ላይ አዘጋጀሁ፦ «አዎ» ያለ ሰው ያኔውኑ ማን ያየዋል፣ ባለሙያው ከሌለ ማን ይደወልለታል፣ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሄድ ምን ይደረጋል። ጥያቄውንም ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ ስለ ሞት መመኘት፤ ቀጥሎ «በምሬት የሚባለውን ማለቴ አይደለም፤ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» የሚል። ለሁለት መክፈሉ ከዋናው መጠይቅ እንዳራቀኝ አውቃለሁ፤ ነጥቡን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ለማስተያየት ያስቸግራል። ግድ የለም። «እንዲህ እየጠየቅክ ሐሳቡን አታስገባባቸውም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። በዚህ ላይ ጥናቱ ብዙ ነው፤ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ አይገፋም።

የሰዓቱንና የቀኑን ነገር በአጭሩ። ከመልስ አማራጮቹ አንዱ የሆነው «ከግማሽ በላይ ቀናት» ማንም አልገባውም። «ከሁለቱ ሳምንት ስንቱን ቀን?» ብዬ በጣት ማስቆጠር ይሻላል። ሁለት ሳምንቱንም መጀመሪያ በሚያስታውሱት ነገር ማሰር ነው፤ «ያ ዝናብ ከጣለ ወዲህ» እንደማለት።

ያልተፈታልኝ ስምንተኛው ነው። «ሰው እስኪያስተውለው ድረስ ቀስ ብሎ መናገር ወይም መንቀሳቀስ፤ አለዚያም በተቃራኒው መቁነጥነጥ» ይላል። ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ ጥያቄ። አንድ ሽማግሌ «ወይ ቀስ ትላለህ ወይ ትቸኩላለህ፤ የቱን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉኝ። ሐቃቸውን ነው። ሁለት ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ እንዳለ ነው፣ ሌላው ለሁለት የተከፈለ። ሰኞ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ለእሳቸው ነው የማነበው።