የሂዩማኒቲስ ግራንት ስትጽፉ ከዕቃ በፊት ጊዜ ጠይቁ

ሐዋሳ ውስጥ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፖች አልፎ አልፎ የሚዞር አንድ የግራንት ማስታወቂያ አለ። በአሜሪካ ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆች ለሚያስተምሩ የሂዩማኒቲስ (የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የፍልስፍናና የመሳሰሉት) መምህራን ለምርምር እስከ 60,000 ዶላር ይሰጣል ይላል። በመጣ ቁጥር "እኛንስ ያካትታል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። አያካትትም። ገንዘቡን ሲሰጥ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሂዩማኒቲስ ድጋፍ ሰጪ ተቋም፣ በተለምዶ ኤን.ኢ.ኤች የሚባለው ነው። አመልካቹ ከእነዚያ ኮሌጆች በአንዱ የሚሠራ መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነም ከማመልከቻው ቀነ ገደብ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት አሜሪካ የኖረ መሆን ይጠበቅበታል። ኮሌጆቹም በሕግ የተለዩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተመሠረቱና ዋና ዓላማቸው ጥቁር አሜሪካውያንን ማስተማር የነበረ። ሃዋርድ፣ ፊስክ፣ ተስኪጊና ስፔልማንን ጨምሮ ወደ 100 ይጠጋሉ።

ባይመለከተንም መመሪያውን ቁጭ ብሎ ማንበብ ከብዙ የፕሮፖዛል ሥልጠና ይሻላል። ክፍያው በወር 5,000 ዶላር ሲሆን ከ2 እስከ 12 ወር ይቆያል። በዚህ ገንዘብ ካሜራ አይገዛም፣ መኪና አይከራይም። መምህሩ ለተወሰነ ጊዜ ከክፍል ወጥቶ ቤተ መዛግብት እንዲገባና እንዲጽፍ ነው የሚከፈለው። በእነዚህ ኮሌጆች አንድ መምህር በሴሚስተር አራት ኮርስ መያዙ የተለመደ ስለሆነ፣ የጎደለው ጊዜ መሆኑን ሰጪዎቹ ተረድተውታል። የአሜሪካ ምሁራን ማኅበራት ምክር ቤትም ለእነዚሁ መምህራን ሁለት ዓይነት ድጋፍ አዘጋጅቷል፤ ገና ለተጀመረ ሥራ 10,000 ዶላር፣ ረጅም ጊዜ ለሚፈልግ ምርምር ደግሞ እስከ 50,000።

አሁን የእኛን የበጀት ፎርም አውጥታችሁ ተመልከቱ። ውሎ አበል፣ ትራንስፖርት፣ የመረጃ ሰብሳቢ ክፍያ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ዕቃ ግዢ፣ ልዩ ልዩ። የዋናው ተመራማሪ ጊዜ የሚባል መስመር የለም። ስለዚህ ሙሉ ሎድ (የማስተማር ጫና) የያዘ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይርጋለም ወይም አለታ ወንዶ እየሄደ ቃለ መጠይቅ ይቀዳል፤ የቀዳው ላፕቶፑ ላይ ይከማቻል፤ አንዱም ወደ ጽሑፍ ሳይገለበጥ ሰኔ ይገባል። ሪፖርቱ የሚጻፈው ከማስታወሻ ደብተር ይሆናል። ከእንዲህ ያለ ሪፖርት የወጣ ጽሑፍ ለጆርናል ተልኮ ሲወድቅ "መረጃው ስስ ነው" ይባላል፤ መረጃውማ ሞልቷል፣ ያዳመጠው ሰው ነው የጠፋው።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የፊቼ ጨምበላላን (የሲዳማን ዘመን መለወጫ) ቀን የሚቆጥሩትን አያንቶዎች ለማጥናት 30 ሰው፣ እያንዳንዱን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። 45 ሰዓት ድምፅ ይወጣል። አንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ፣ ቋንቋውን አቀላጥፎ ለሚያውቅ ሰው እንኳን፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በ5 ብናሰላው 225 ሰዓት ነው። ሰው በቀን ከ5 ሰዓት በላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በትክክል መሥራት አይችልምና 45 የሥራ ቀን ይሆናል። ከሲዳምኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ያንኑ ያህል ጨምሩ፤ 90 ቀን። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 18 ሳምንት ነው። ከሙሉ ሎድ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለሚያገኝ ግን 90 ሳምንት ይሆንበታል፤ ግራንቱ ደግሞ የአንድ ዓመት ነው። ገምጋሚ ይህን ስሌት በአእምሮው ይሠራዋል፤ እናንተ ካልሠራችሁት ያንን ያስተውላል። 12 ሰው ብትመርጡ ድምፁ 18 ሰዓት፣ ግልበጣና ትርጉሙ በድምሩ 36 ቀን ነው። እንደ እኔ ከሆነ በደንብ የተመረጡ 12 አዋቂዎች፣ ግማሹ ሳይደመጥ ከሚቀር 30 ቃለ መጠይቅ ይበልጣሉ።

ጊዜውን የምትጠይቁት በምኞት ሳይሆን በወረቀት ነው። ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ በየትኛው ሴሚስተር የትኛው ኮርስ እንደሚነሣላችሁና ማን እንደሚሸፍነው በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ዲኑም በደብዳቤ ያጽናው። ሁለቱንም አባሪ አድርጉ። ካሸነፋችሁ በኋላ እንጠይቃለን ካላችሁ የክፍል ድልድሉ ወጥቶ ስለሚጠብቃችሁ ማንም አይቀይረውም። ከውጭ ሰጪዎች መካከል ለተተኪ መምህር የሚከፈል ወጪ የሚቀበሉ ስላሉ፣ መመሪያው ሲፈቅድ ያንን መስመር ባዶ አትተዉት።

የቀረጻ ዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም። ባልተጨመቀ ዋቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት፣ በስቴሪዮ ቅዱ፤ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። 45 ሰዓት ማለት 47 ጊጋባይት ያህል ነው፤ በሦስት ቦታ ብታስቀምጡት እንኳ ከ150 አያልፍም። ስለዚህ ሦስት ላፕቶፕ ከመጠየቅ አንድ መቅረጫ፣ አንድ ጥሩ ማይክና ሁለት ሃርድ ዲስክ ይበቃል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከ ቅጂ ለአርካይቭ አይሆንም። ሐይቁ ዳር ለምትቀዱ ደግሞ የማይኩን የንፋስ መከላከያ አትርሱ።

ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ገንዘብ የሚሠራ ሰው ዋና ጠላቱ የበጀት ዓመቱ ነው። ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ካልደረሰ እጅ አይገባም። የመስክ ሥራውን ከጥር እስከ ሚያዝያ አድርጉት፤ ግንቦት ሒሳብ ለማወራረድ ይቀመጥ። የዕቃ ግዢ መጀመሪያ ቀን ይጠየቅ፤ ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰብስቦ፣ ተገምግሞ፣ ዕቃው እስኪገባ ወራት ይሄዳል። ፕሮፎርማው ላይ 15 በመቶው ቫት መካተቱን እዩ፤ ሳይካተት በተሰጠ ዋጋ በጀት ያሠራ ሰው በኋላ ከሌላ መስመር ለማዛወር ደብዳቤ ሲያመላልስ ይከርማል። ቃለ መጠይቅ ለሚሰጡ አዛውንቶች የሚከፈል ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የብር መጠን፣ ቀንና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት የክፍያ ሰነድ አስቀድማችሁ አትማችሁ ይዛችሁ ውጡ። ከመስክ ከተመለሱ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መሄድ ሌላ ጉዞ ነው፣ አበሉም አይከፈልም።

የትብብር ደብዳቤ ላይ የሚደርስ ስሕተትም አለ። አሮጌው አብነት አሁንም "ለደቡብ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ" የሚል ሆኖ ይገኛል። ሲዳማ በ2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ የቀረው ደቡብ ደግሞ በ2015 መጨረሻ ተከፍሏል። ጌዴኦ የሚሄድ ደብዳቤ ለደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሀዲያና ሃላባ የሚሄድ ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ይጻፍ። ጥናቱ ቅርስ የሚነካ ከሆነ በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ እሱን በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ እንደ ራሱ ሥራ ቁጠሩት።

በውጭ ገንዘብ በኩል ለሐዋሳ የሂዩማኒቲስ መምህር በቀጥታ ክፍት ሆነው የቆዩ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በብሪትሽ ላይብረሪ ሥር ያለው ለአደጋ የተጋለጡ ቤተ መዛግብት ፕሮግራም ነው፤ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በዚህ ድጋፍ ዲጂታል ሆነዋል። ሁለተኛው ለመጥፋት የተቃረቡ ቋንቋዎችን ለመሰነድ የሚሰጠው ነው፤ መቀመጫውን ከለንደን ወደ በርሊን አዛውሯል። ጥሪው ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። የቤተ መዛግብቱ ፕሮግራም ዋናው ሰነድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል፣ የተነሣው ምስል ግን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ይከፈታል። ብዙ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ደብር አስተዳዳሪ በቃል "እሺ" ብለው፣ በመሀል ይዛወሩና አዲሱ "ማን ፈቀደ?" ይላሉ። ፈቃዱ በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይከተለው፣ "በኢንተርኔት ይለቀቃል" የሚለውም በግልጽ ይጻፍበት። ያልተስማሙ ከሆነ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ብሩም ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የበጀት ሠንጠረዡ ላይ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀኑን ጻፉ፤ ነዳጅና ኪራይ ለብቻቸው ይቀመጡ።

ወደ ጥቁሮቹ ኮሌጆች ልመለስ፤ ማመልከት ባንችልም አብሮ መሥራት ይቻላል፤ ርእሱም አይጠፋም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የተስኪጊ ተማሪ ነበሩ። የአፍሪካ ታሪክን ከ1922 ጀምረው ሃዋርድ ያስተማሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በፋውንዴሽኖች ደጋግመው ገንዘብ ተከልክለው፣ በ1953 በፉልብራይት (በአሜሪካ መንግሥት የምሁራን ልውውጥ ድጋፍ) ወደ ግብጽ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ መጡ፤ በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የዚህ ታሪክ ሰነድ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ስለሆነ ሁለት ተመራማሪ በእውነት ያስፈልገዋል፤ ለይስሙላ የተለጠፈ ተባባሪ አይመስልም። የእኛ ሰው በበኩሉ ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ከሚሰጠው የፉልብራይት ድጋፍ ከ3 እስከ 9 ወር ሊያገኝ ይችላል፤ ተቀባይ ተቋም ሲመርጥ ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱን ይጻፍ። ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ የመቆየት ግዴታ አለበት።

ከአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ንዑስ ድርሻ ለዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ከሆነ ተቋሙ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ያስፈልገዋል፤ በነፃ ነው የሚገኘው፣ የሚያስከፍል ካለ አጭበርባሪ ነው። የተደራደሩት የኦቨርሄድ (ቀጥታ ያልሆነ የተቋም ወጪ) ተመን የሌላቸው ተቋማት ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀድሞ 10 ነበር። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ኤን.ኢ.ኤች ከአንድ ሺህ በላይ ግራንቶችን በመሀል ስላቋረጠ ግን፣ የመስክ ሥራውን ሁሉ በዚህ አንድ ገመድ ላይ አትስቀሉት።

ጊዜ ካጠረ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ውሉ ከማለቁ በፊት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ዋጋ የለውም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ለምን ዘገየ፣ በስንት ወር ያልቃል። ያልተወራረደው ገንዘብ በየመስመሩ ተዘርዝሮ አባሪ ይሁን።